ትንሽ ብትጨምርበት

በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ካሜራውን ሊገዛ የተነሣ ሰው ከማንም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ትንሽ ብትጨምርበት ይሻልሃል።» ሻጩ ይላል። ደላላው ይላል። ሰርግ የሚቀርጸው ጎረቤት ይላል። ካሜራ በእጁ ነክቶ የማያውቀው የሥራ ባልደረባ እንኳ ይላል። 20 ሺሕ የያዘው 30 ቢያደርሰው፣ 30 የያዘው 45 ቢያደርሰው፣ 45 የያዘው ደግሞ «እስካሁን ከታገሥክ አይቀር» ሌላ ዓመት ቢጠብቅ። እኔ ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ከደመወዝ ላይ እየተቆነጠረ የተጠራቀመ ነው፤ ዕቁብ ሲደርስ የተገኘ ነው፤ አንዳንዱም እናት ለክፉ ቀን ብላ ካስቀመጠችው ላይ አንሥታ የሰጠችው ነው። ሰው «ያለኝ ይኼ ነው» ሲል ያለው ያ ነው። ልኩን ነግሮናል፤ ምክራችን ከዚያ መነሣት ነበረበት።

ደግሞ ብሩም ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ካሜራውም ሌንሱም የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ከዱባይ በነጋዴ ይምጣ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ፣ የተገዛው በውጭ ገንዘብ ነው። የካኖንን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ሌንስ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 125 ዶላር ገደማ ነበር፤ ኩባንያው ከሚሠራቸው ሌንሶች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ57 ሒሳብ 7 ሺሕ ብር አካባቢ የነበረው ያ 125 ዶላር በ120 ሒሳብ 15 ሺሕ ብር ሆነ፤ ያውም ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይታከልበት። ስለዚህ ጨምረህ ና የተባለው ልጅ ጨምሮ ሲመለስ ዋጋውም ጨምሮ ይቆየዋል። መካሪዎቹ ይህን አጥተውት አይደለም፤ ዘይትና ጤፍ ሲገዙ በየወሩ ያዩታል። የካሜራ ነገር ሲነሣ ግን ይረሱታል።

ዋጋውን ማወቅም ራሱን የቻለ ድካም ነው። የቴሌግራም ቻናሎቹን ብትከፍቱ ፎቶው አለ፤ «ንጹሕ»፣ «ጭረት የሌለው»፣ «ከውጭ የመጣ»፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ሁሉ አለ፤ ዋጋው የለም። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። በውስጥ መስመር ሲጠየቁ «ይደውሉ»፤ ሲደወል «ሱቅ ብቅ ይበሉ»። ሱቅ ሲደረስ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይዘሃል?» ነው። ዋጋው ከዕቃው ሳይሆን ከገዢው ኪስ ተነሥቶ ይቆረጣል ማለት ነው። ከሥራ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ከተማውን አቋርጦ ተሂዶ የሚገኘው መልስ «ውይ፣ እሱ ጠዋት ተሸጠ፤ ግን ከእሱ የሚሻል አለኝ፤ ትንሽ ብቻ ጨመር ታደርግበታለህ» የሚል ነው። የተለጠፈው ካሜራ መጀመሪያውኑ ሱቁ ውስጥ ነበረ ወይ ብሎ የሚያጣራ የለም። ሌላው ቀርቶ የጉልት ሴት እንኳ መደቡን ስትጠየቅ ለሁሉም አንድ ዋጋ ትናገራለች።

ከእህቴ ልጅ ጋር ሱቆቹን ስዞር የታዘብኩት ደግሞ ሌላ ነው። ካሜራውን የምትገዛው እሷ ናት፤ ገንዘቡ የራሷ ነው፤ ምን ማንሣት እንደምትፈልግም ጥርት አድርጋ ታውቃለች፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿን ሲዘምሩ፣ አያቷን ቡና ሲያፈሉ፣ ጥምቀትን ጃን ሜዳ ላይ። ሻጮቹ ግን የሚያናግሩት እኔን ነው። «ጋሼ፣ ለልጅቷ ይህንን ይውሰዱላት፤ ቀለል ያለ ነው።» ስለ ሌንሱ የጠየቀችው እሷ ሆና ሳለ መልሱ ወደ እኔ ዞሮ ይሰጣል። ከእኔ ይልቅ ያነበበችው እሷ ናት፤ ከሻጮቹም ከአንዳንዶቹ ይልቅ። ያን እያየሁ ዝም ብሎ መቆም ከበደኝ፤ በኋላማ «እሷን ጠይቋት» እያልኩ ወደ በሩ መራቅ ጀመርኩ። «ለሰርግ ነው ለዩቲዩብ?» ከማለት አልፎ፣ «እህቴ፣ ምን ለማንሣት አስበሽ ነው?» ብሎ ረጋ ብሎ ያነጋገራት ሱቅ አላገኘንም። የሚወራው ሜጋፒክስል ብቻ ነው።

18 ከ12 ይበልጣል፣ 24 ከ18 ይበልጣል፤ በዚህ ሒሳብ ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ካኖን 1100ዲ ባለ 12 ሜጋፒክስል ነው፤ ፎቶው በአግድም 4272፣ በቁመት 2848 ነጥብ አለው። ኤ4 ወረቀት ላይ በኢንች 300 ነጥብ አድርጎ ጥርት ብሎ እንዲታተም 3508 በ2480 ይበቃል። እንግዲህ ያ አሮጌ ካሜራ ሳሎን ውስጥ የሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶ ተርፎት ይሰጣል። በስልክ ለሚላከውማ ቴሌግራም ራሱ አሳንሶ ነው የሚያሳልፈው። 1100ዲ ግዙ ማለቴ አይደለም፤ ስክሪኑ ደብዛዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በብዙ ነገር ይሻላሉ። ነገር ግን በ18ና በ24 መካከል ላለው ልዩነት ሌንስ የሚገዛ ገንዘብ ሲከፈል ማየት ያሳዝነኛል።

የሞዴሎቹ ስምም አያግዝም። እኛ ጋ ካኖን 600ዲ የሚባለው ካሜራ አሜሪካ ሲሸጥ ሬብል ቲ3አይ ነው፤ ጃፓን ሲሸጥ ኪስ ኤክስ5። አንድ ዕቃ ነው። ሆኖም «ይኼ የአሜሪካ ነው፣ ኦሪጅናል» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርበት ሰምቻለሁ። ቁጥሩም እንዲሁ ያሳስታል። በካኖን ዘንድ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካሜራው ከፍ ይላል፦ 5ዲ የባለሙያ ነው፣ 70ዲ መካከለኛ፣ 700ዲ የጀማሪ፣ ባለ አራት አሃዞቹ ከሁሉ በታች። 4000ዲ ከ2000ዲ የሚበልጥ የመሰለው ሰው ምን ይፈረድበታል? ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 2000ዲ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ሌንሱ የሚታሰርበት አንገቱም ብረት ነው። 4000ዲ ግን 18 ነው፤ አንገቱ ፕላስቲክ ነው፤ የዓይን ልክ የሚስተካከልባት ትንሿ መዘውር እንኳ የለችውም፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ይህን የሚያውቀው ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን ያስረዳን ሱቅ አላየሁም።

አዲስ የወጣው ሁሉ ከአሮጌው ይሻላል ማለትም አይቻልም፤ ኩባንያዎቹ ርካሹን ካሜራ ባደሱት ቁጥር አንድ ነገር ያነሡበታል። ኒኮን ዲ3300 የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 እሱን የተካው ዲ3400 የለውም፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን አቧራ በንዝረት የሚያራግፈውም ሥርዓት አብሮ ተነሥቷል። ካኖን ደግሞ ከፍላሽ መሰኪያው መሐል ያለችውን የብረት ነጥብ አወጣት፤ 250ዲ ላይ ጨርሶ የለችም፤ 2000ዲም ሲገዛ መሰኪያውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ያቺ ነጥብ ከሌለች እንደ ዮንግኑዎ ያሉት ርካሽ ማኑዋል ፍላሾች አይበሩም፤ ተማሪና ጀማሪ አቅሙ የሚፈቅደው ደግሞ እነዚያን ነው። ካሜራውን በርካሽ ሸጠው ፍላሹን በውድ እንድንገዛ ነው የተፈረደብን። በዚህ እስከ ዛሬ ድረስ እናደዳለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሌንሱ ነገር ነው። የመጀመሪያ ገዢ ያለውን በሙሉ ቦዲው ላይ ያፈስሰዋል፤ ሌንስ ለእሱ «አብሮት የሚመጣው» ነው። አብሮት የሚመጣው 18-55 ክፉ ሌንስ አይደለም፤ ቀን ላይ፣ ደጅ፣ ደኅና ይሠራል። የእኛ ሕይወት ግን ብዙው የሚያልፈው በትንሽ ብርሃን ነው። የምሽት ቡና በአንድ አምፖል ሥር ይፈላል። ማሕሌት የሚቆመው ሌሊት ነው፤ ብርሃኑ የጧፍና የጥቂት መብራት ነው፤ እዚያ መሐል ፍላሽ ማብራት ደግሞ ነውር ነው። ያ ሌንስ ሲሳብ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 5.6 ይጠባል። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሚያስገባው ብርሃን ከዚያ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። በ18-55 የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ፈጅቶ ተደባልቆ የሚወጣው የመዘምራን እጅ፣ በ50ው በሰከንድ አንድ መቶኛ ጥርት ብሎ ይቀራል። የትኛውም ሜጋፒክስል ይህን አይተካም። ለእኔ አሮጌ 600ዲ ከ50ው ጋር፣ ከአዲስ 2000ዲ ከ18-55 ብቻ ጋር ይበልጥብኛል፤ ይህን ስል ደግሞ የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

እርግጥ 50ው ጠባብ ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር አነስ ያለ ስለሆነ በካኖን እንደ 80፣ በኒኮን እንደ 75 ሚሊሜትር ነው የሚያየው፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፈውም ቤተሰቡን በሙሉ ማስገባት አይቻልም። ለዚያ 18-55ቷ ትኑር። ሁለቱ አብረው ቢሆኑ የመጀመሪያ ገዢ ለዓመታት ሌላ አይፈልግም።

ሱቆቹ የሚገፉት ግን ሌላ ጥንድ ነው። «ባለ ሁለት ሌንስ ፓኬጅ» ተብሎ 18-55 ከ75-300 ጋር ይቀርባል። ገዢው ሁለት መሆኑን ሰምቶ ይደሰታል። ያ 75-300 ርካሹ ዓይነት የእጅ መንቀጥቀጥን የሚከላከል ነገር የለውም፤ እስከ 300 ሲሳብ ምስሉ ይለሰልሳል፤ ጠንካራ ፀሐይ ከሌለ በእጅ ይዞ ማንሣት መከራ ነው። ጥምቀት ላይ ታቦታቱን ከሩቅ ማንሣት የሚፈልግ ሰው 55-250 አይኤስ ኤስቲኤምን ቢያፈላልግ እጅግ ይሻለዋል። ይህን የሚናገር ሻጭ ቢኖር ደንበኛው ዕድሜ ልኩን ይመለስለት ነበር።

በኒኮን በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው። የዲ3000ና የዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ሌንስ የሚያሽከረክር ሞተር በውስጣቸው የለም። ኤኤፍ 50 ኤፍ 1.8ዲ የተባለው የቆየ ሌንስ ርካሽ ነው፤ ካሜራው ላይም ይገጠማል፤ ፎከሱ ግን በእጅ ካልዞረ አይንቀሳቀስም። የሚያስፈልገው ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። በተቃራኒው ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዳዲሶቹ ሌንሶች እንደ ዲ3100ና ዲ3200 ያሉት ላይ ጨርሶ ፎከስ አያደርጉም። ሻጭ ሲጠየቅ ግን «ኒኮን ለኒኮን ነው፣ ይገጥማል» ብሎ ያልፋል። ለአንድ ወጣት የወራት ቁጠባ ነው በዚያች አንዲት ቃል የሚባክነው። ካኖን በዚህ ቀላል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የወጡት የራሱ ኢኤፍ ሌንሶች ሁሉም የየራሳቸው ሞተር ስላላቸው እነዚህ ካሜራዎች ላይ ይሠራሉ። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ያገለገለ ሌንስ ሲያፈላልግ ይህ ብዙ ያሳርፈዋል።

ያገለገለ ካሜራ ስንል ደግሞ ሌላ መከራ ይጀምራል። «ብዙም አልተነሣበትም» ይባላል። ስንት እንደተነሣበት ሲጠየቅ ፋይሉን ከፍተው «አይኤምጂ 2143» የሚለውን ያሳያሉ። ያ ቁጥር 9999 ሲደርስ ከአንድ ይጀምራልና ምንም አይነግረንም። ኒኮን በየፎቶው ፋይል ውስጥ የሻተሩን ቁጥር፣ ማለትም ስንት ጊዜ እንደተነሣበት፣ ስለሚጽፍ አንድ ፎቶ ወስዶ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል። የካኖን የጀማሪ ካሜራዎች ፎቶው ላይ አይጽፉትም፤ ካሜራውን በኬብል አገናኝቶ በፕሮግራም መፈለግ ይጠይቃል፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይህን የሚፈቅድ ማን ነው? በእኛ ላይ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፦ «ባትሪው አልቋል፣ አሁን ቻርጅ የለውም፤ ግን ይሠራል፣ እመነኝ።» በብዙ ሺሕ ብር የሚሸጥ ዕቃ ላይ የተሞላ ባትሪ አለመግጠም ምን የሚባል ነው? ሲሠራ ያላየነውን ለምን እንግዛ?

ባትሪው የተገኘ ዕለት ደግሞ ማየት የሚገባን ብዙ ነው። ሌንሱን አውልቆ የስልክ መብራት በጀርባው እያበሩ በውስጡ መመልከት ያስፈልጋል፤ ክረምቱን በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ይይዛል፤ ቀጫጭን ክር ሆኖ ይታያል፤ መስታወቱን ከበላው በኋላ ማጽዳቱ አይመልሰውም። ቀዳዳውን ኤፍ 16 አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ማንሣትም ይገባል፤ ሴንሰሩ ላይ ያለው አቧራ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በዚህች ከተማ በግንባታ አቧራ መሐል የኖረ ካሜራ ነጥብ ቢኖረው አይደንቅም፤ አብዛኛው በመንፊያ ይነሣል። ግን ይነገረን፤ ዋጋው ላይም ይታሰብልን። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ገዢ ሲመጣ ፊት ይጠቁርበታል፤ ያላመነ፣ የሚያጨቀጭቅ ተደርጎ ይታያል። ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ለቆመ ሰው ዐሥር ደቂቃ መስጠት እንዴት ይህን ያህል ይከብዳል?

ስለ ሚሞሪው የሚያነሣም የለም። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን የዚያን ሩብ እንኳ የማይዝ የውሸት ካርድ ገበያው ላይ አለ። ካርዱ ሲሞላ ስሕተት አይናገርም፤ እየጻፈ ይመስላል፤ ቤት ተገብቶ ሲከፈት ፋይሉ የለም። የሰው ሰርግ፣ የሰው ለቅሶ በዚህ ጠፍቷል። ካርዱን ገዝቶ ሥራ ላይ ከማዋል በፊት እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ማንበብ ብቻ ነው መፍትሔው። ስለ ባትሪውም እንደዚያው የሚያነሣ የለም። ቦዲ ብቻ ይዘን ስንወጣ ካርድ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ ቦርሳ በጀት ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ሁሉም ሲደመር የ50ው ሌንስ ዋጋ ጋ ይጠጋል።

ይህን ሁሉ የታገሠ ሰው ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ ይመታል። አንደኛው «ስልክህ አይበቃህም?» ይላል። ቀን ላይ ሰፊ ነገር ለማንሣት ስልክ ይበቃል፤ አልክድም። ከአዳራሽ መጨረሻ ወንበር ተቀምጦ መድረክ ላይ የምትመረቅ እህቱን ማንሣት የሚፈልግ ሰው ግን ስልኩ የሚሰጠው የተፈረካከሰ ፊት ነው። ሁለተኛው «ዲኤስኤልአር አብቅቶለታል፣ ሚረርለስ ግዛ» ይላል፤ መስተዋት ያለው ቀርቶ መስተዋት የሌለው ግዛ ማለቱ ነው። ሶኒ መስተዋት ያላቸውን ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ከሽያጭ አውጥቷል፤ ካኖንና ኒኮንም መስተዋት ያለው አዲስ ሞዴል ካወጡ ዓመታት አልፈዋል። እውነት ነው። ግን የዛሬው ርካሽነት የመጣው ከዚያው ነው፤ ባለሙያው ወደ ሚረርለስ ሲሄድ የድሮ ቦዲውንና ሌንሱን ይሸጣል፤ የእኛ ኪስ የሚደርስበት ያ ነው። መስተዋቱ ስላለ ፎቶው አይበላሽም። ቁጠባውን ይዞ የቆመን ልጅ በዚህ ወሬ ተስፋ አስቆርጦ መላክ ጭካኔ ነው እላለሁ።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ያገኘችው ከእንዲህ ያለ ሰው ነው። ፎቶ አንሺ ነው፤ ዕቃውን ሊቀይር 600ዲውን ከ50ና ከ18-55 ጋር ይሸጣል። ማስታወቂያው ላይ ዋጋውን ጽፎታል። ባትሪውን ሞልቶ ጠበቀን። «እህቴ፣ ምንድን ነው የምታነሺው?» ብሎ ጠየቃት፤ ስትነግረው 50ውን ገጥሞ ሰጣትና በተቀጣጠርንበት ካፌ ውስጥ እስክትጠግብ አነሣችበት። ከመሰኪያው ጎን ያለውን ጭረት፣ አንደኛው ባትሪ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የሻተሩን ቁጥር ሳንጠይቀው ነገረን፤ ስለ ባትሪውም ከዋጋው ላይ ቀነሰ። የያዘችው ገንዘብ በቃት፤ ለካርድም ተረፋት። ይህን ሁሉ ማድረግ የወሰደበት ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው። የቀሩት ለምን እንደሚከብዳቸው አይገባኝም።